የሌሊት ነርስ ቤት፦ ምን ይቅደም? ምን ይቆይ?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ሙያዬ ስለ ሶፍትዌርና ልጅን በሁለት ቋንቋ ስለ ማሳደግ ነው። የዛሬው ጽሑፍ ግን ስለ ባለቤቴ ሥራና ያ ሥራ ቤታችንን እንዴት እንደለወጠው ነው። ከመጻፌ በፊት ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። «ስለ በሽተኛ አንድም ቃል እንዳትጽፍ፤ ስለ ቤታችን ግን የፈለግከውን ጻፍ» ብላኛለች።

ባለቤቴ ነርስ ናት። በዳላስ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሌሊት ሥራ ከጀመረች በዚህ ወር አንድ ዓመት ሞላት። የምንኖረው በጋርላንድ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ አለችን፤ አማቴም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እኔ ወደ ቴክሳስ የመጣሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ነው። ባለቤቴ ግን በስምንት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ስላደገች አማርኛዋ እንደ ብዙዎቻችሁ የቤት አማርኛ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ስለምመለስበት ነው።

ከእናንተ መካከል የነርስ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ዝም በሉ፣ እማዬ ተኝታለች» እየተባላችሁ ያደጋችሁ ትኖራላችሁ። በቀን የሚዘጋው የመኝታ ቤት በር ለምን እንደሚዘጋ ምናልባት ማንም በደንብ አላስረዳችሁም። በዚህ አንድ ዓመት ቤታችን የተማረውን ላካፍላችሁ።

ቀድሞ የመጣ ወይስ የባሰበት?

ባንክ ስንሄድ ወረፋ እንይዛለን። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። በድንገተኛ ክፍል ግን ወረፋው እንዲህ አይደለም። አንድ ሰው ለአራት ሰዓት ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ከእሱ በኋላ የመጣው በቀጥታ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ይቆጣል። «እኔ ቀድሜ መጥቼ!» ይላል።

ይህ አሠራር ትሪያጅ ይባላል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መለየት ማለት ነው። በናፖሊዮን ዘመን የነበረው የጦር ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኞችን በማዕረጋቸው ሳይሆን በጉዳታቸው ክብደት እያስቀደመ በማከም ይታወቃል። ዛሬ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎችም ቃሉ እንዳለ «ትሪያጅ» ይባላል።

በአሜሪካ አብዛኞቹ ድንገተኛ ክፍሎች በሽተኛውን ከ1 እስከ 5 ባሉ ደረጃዎች ይለያሉ። ደረጃ 1 ወዲያውኑ ካልታከመ የሚሞት ሰው ነው፤ ለምሳሌ ልቡ የቆመ ወይም መተንፈስ ያቃተው። ደረጃ 2 አሁን ቢናገርም በድንገት ሊብስበት የሚችል ሰው ነው፤ ለምሳሌ ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ወይም አንድ ጎኑ በድንገት የዛለበት። ከ3 እስከ 5 ያሉት ደግሞ ለሕክምናቸው ስንት ነገር እንደሚያስፈልግ ታይቶ ይለያሉ፤ የደም ምርመራ፣ ራጅ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትና የመሳሰሉት። መድኃኒት አልቆበት ማዘዣ ብቻ የሚፈልግ ሰው ደረጃ 5 ነው።

ይህን የሚለየው ብዙውን ጊዜ ነርስ ነው፤ ያውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ። ኃላፊነቱ ከባድ ስለሆነ አዲስ ነርስ ወዲያው ትሪያጅ ላይ አትመደብም። መጀመሪያ ከአሰልጣኝ ነርስ ጋር ለወራት ትሠራለች።

በእኛ በሶፍትዌር ሙያም ትሪያጅ የሚባል ነገር አለ። ፕሮግራም ሲበላሽ የትኛው ብልሽት ዛሬ፣ የትኛው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚጠገን እንለያለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እኛ ዘንድ ደረጃ 1 ሆነ ማለት ብዙ ጊዜ ሰው ዕቃ መግዛት ወይም መልእክት መላክ አቃተው ማለት ነው። እሷ ዘንድ ደረጃ 1 ሰው ነው።

ድንገተኛ ክፍሎች ለምን ይጨናነቃሉ? አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። ከ1986 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ መሠረት ሜዲኬርን የሚቀበል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ካለው፣ የመጣውን ሰው ሁሉ ገንዘብ ኖረውም አልኖረውም መርምሮ አደጋ ላይ ያለውን ማረጋጋት አለበት። ቴክሳስ ደግሞ የጤና ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ድርሻ ከሌሎቹ ግዛቶች ሁሉ ከፍ ያለባት ናት። ሌላ በር የተዘጋበት ሰው ወደዚህ በር ይመጣል። በዳላስ የፓርክላንድ፣ በፎርት ዎርዝ ደግሞ የጆን ፒተር ስሚዝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሎች በዚህ ይታወቃሉ። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ በኖቬምበር 22 ቀን 1963 በጥይት ሲመቱ የተወሰዱት ወደ ፓርክላንድ ነበር። በዚያ በር ፕሬዚዳንትም ገብቷል፣ ቤት የሌለውም ይገባል።

ንጉሥ ልጃቸውን ያስተማሩት ሙያ

ባለቤቴ ነርስ ለመሆን ረጅም መንገድ ሄዳለች። ቀን እየሠራች በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማረች። ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና ወሰደች። ፈተናው እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ጥያቄው ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ነው። ኮምፒውተሩ እንደ ተፈታኙ መልስ ጥያቄውን እያከበደ ወይም እያቀለለ ይሄዳል፤ ተፈታኙ ማለፉን ወይም መውደቁን እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል። እንደ ሶፍትዌር ሰው ፕሮግራሙን አደንቃለሁ። ውጭ መኪና ውስጥ ሆኜ ስጠብቅ ግን አላደነቅኩትም።

አንዳንድ ዘመድ «ለምን ሐኪም አልሆነችም?» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሰጡት አማቴ ናቸው። አማቴ የተወለዱት በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ልዕልት ፀሐይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ነገር ግን በ1942፣ ገና በ22 ዓመታቸው፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። ሆስፒታሉ ለመታሰቢያቸው ተሠራ። አማቴ ይህን ተናግረው ሲጨርሱ «ንጉሥ ልጃቸውን ያስተማሩትን ሙያ አንተ ናቅከው?» ይላሉ። ጠያቂው ዝም ይላል።

አንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ሌሊት

የባለቤቴ ፈረቃ በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 7 እስከ ጠዋቱ 7 ነው። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከምሽቱ 1 እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ሌሊቱን ከ1 እስከ 12 ይቆጥራል። ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ሌሊት ትሠራለች፤ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ መጨረሻው።

በሳምንት ሦስት ሌሊት ትገባለች። ሰው ይህን ሲሰማ «ሦስት ቀን ብቻ? እንዴት መታደል ነው!» ይላል። ግን እያንዳንዱ ሌሊት ሁለት ቀን ይነካል። ከመግባቷ በፊት መተኛት አለባት፤ ከወጣች በኋላም መተኛት አለባት። ሦስቱ ሌሊቶች ሲከታተሉ አራት ቀን ይሄዳል።

ስትመለስ የሥራ ጫማዋ ጋራዥ ውስጥ ይቀራል። የሥራ ልብሷ ለብቻው ይታጠባል። ሳትታጠብ ልጃችንን አታቅፍም። ልጃችን ይህን ስለለመደች በመስታወት በር ወዲያና ወዲህ ሆነው በእጅ ሰላም ይባባላሉ።

ጥንቃቄው ምክንያት አለው። በ2014 በአሜሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢቦላ እንዳለበት የተረጋገጠው ሕመምተኛ እዚሁ ዳላስ ውስጥ ነበር። ሰውየው ሞተ፤ ሲያስታምሙት ከነበሩት ነርሶች ሁለቱ በበሽታው ተያዙ፤ ደግነቱ ሁለቱም ዳኑ። ዛሬ ነርስ «ሰሞኑን ከአገር ውጭ ነበሩ?» ብላ ስትጠይቅ ለወሬ አይደለም። ከኢትዮጵያ በቅርቡ ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ወባ ሊሆን ይችላል፤ ወባን ደግሞ እዚህ አገር ቶሎ የሚጠረጥር የለም።

«ዓይኔ ሊከደንብኝ ነው»

በአምስተኛው ወር፣ ከሦስተኛው ተከታታይ ሌሊት በኋላ፣ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ነበረች። «ዓይኔ ሊከደንብኝ ነው፤ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ቆሜያለሁ፤ ና ውሰደኝ» አለችኝ። ከዳላስ ወደ ጋርላንድ ጠዋት ስትነዱ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታችኋለች። በ635 አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ማንም አይጠብቃችሁም። ልጃችንን ለአማቴ ትቼ ሄድኩ። ስደርስ በሩን ቆልፋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ተኝታ ነበር። መስታወቱን ሳንኳኳ ለጥቂት ጊዜ አልሰማችኝም።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ለነርሶች ያዘጋጀው ትምህርት እንዲህ ይላል፦ 17 ሰዓት ሳይተኙ መቆየት በደም ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያደርጋል፤ 24 ሰዓት ደግሞ እንደ 0.10። በቴክሳስ 0.08 ይዞ መንዳት ወንጀል ነው። ያን ዕለት ባለቤቴ ምንም አልጠጣችም። ግን ከፈረቃው በፊት በነበረው ቀን የተኛችው ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። ለምን? ጠዋት ስልክ ተደወለ። ቀትር ላይ እንግዳ መጣ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የክርስትና ጥሪ ነበር፤ «ፊትሽን ብቻ አሳይተሽ ሂጂ» ተባለች። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም የወደዳት ሰው ነው።

በዚያ ሳምንት «ወደ ክሊኒክ ልዛወር ይሆን?» አለች። ክሊኒክ የቀን ሥራ ነው። ድንገተኛ ክፍል መሥራት ግን የተማሪነት ምኞቷ ነበር። አማቴ ሰምተው ብዙ ካሰቡ በኋላ «ደክሞሽ እያለ አትወስኚ። መጀመሪያ ተኚ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አሏት። ውሳኔውን ለሦስት ወር አቆየነው። በሦስቱ ወር ውስጥ ቤቱ ራሱ እንዲለወጥ ተስማማን።

በፍሪጅ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ባለቤቴ ሌሊቱን ሁሉ ትሪያጅ ባለበት ቤት ውላ ሁሉ ነገር ደረጃ 1 ወደሆነበት ቤት እንደምትገባ አየን። በእኛ ባህል ጥሪ ሁሉ አስቸኳይ ነው። ስልክ ካላነሣህ ኮርተሃል፤ ድግስ ከቀረህ ንቀሃል። ስለዚህ የቤታችንን ትሪያጅ በአማርኛ ጽፈን ፍሪጅ ላይ ለጠፍን። ጽሑፉ ይህ ነው፦

ደረጃ 1 — ወዲያውኑ ቀስቅሷት። የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲደርስ። መጀመሪያ 911 ይደወላል፤ ከዚያ እሷ ትቀሰቀሳለች።

ደረጃ 2 — የማይነካ። ከፈረቃ በኋላ የምትተኛው ሰባት ሰዓት፣ ወደ ቤት የምትነዳበት መንገድና ከልጃችን ጋር የምታሳልፈው የማታ አንድ ሰዓት።

ደረጃ 3 — እሷን የሚፈልግ፣ ግን ሁለት ቀን መቆየት የሚችል። የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ሒሳብ።

ደረጃ 4 — ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችል። ምግብ፣ ልጅ ማድረስና መመለስ፣ እንግዳ መቀበል።

ደረጃ 5 — የሚቆይ። የስልክ ወሬ፣ የቡድን መልእክት፣ «እግረ መንገዴን ነው የመጣሁት» የሚል ሁሉ።

ደረጃ 4 በአብዛኛው የእኔ ሆነ። እኔም በሥራዬ ተረኛ የምሆንበት ሳምንት አለ፤ ሌሊት ስልኬ ከጮኸ ተነሥቼ ኮምፒውተር መክፈት አለብኝ። የእሷ ሦስት ሌሊትና የእኔ ተረኛነት እንዳይገጣጠሙ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሳምንት ተቀያየርን። የእንጀራውን ነገር አማቴ ያዙት፤ ሲደክማቸው ከሱቅ እንገዛለን።

ለመንገዱ ደግሞ ደንብ አወጣን። ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ ባለቤቴ ወዲያው አትነዳም። ወይ ሆስፒታሉ ውስጥ ባለ የማረፊያ ክፍል ግማሽ ሰዓት ጋደም ትላለች፣ ወይ ታክሲ ትጠራለች፣ ወይ እኔ እሄዳለሁ። የታክሲው ዋጋ ይቆጫል። እዚያ ነዳጅ ማደያ የቆመችው መኪና ትዝ ስትለኝ ግን አይቆጨኝም።

ልጃችን ወረቀቱን በየቀኑ ጮክ ብላ ታነባለች። «የማይነካ» የሚለውን ቃል ወደደችው። አንድ ቀን የበሩ ደወል ሲጮህ ሮጣ ሄዳ ለመጣው ጎረቤት «እማዬ የማይነካ ናት!» አለችው። ሰውዬው ስቆ ዳቦውን ለእኔ ሰጥቶ ተመለሰ።

መርዶ ስንተኛ ደረጃ ነው?

ወረቀቱ ከተለጠፈ ከአንድ ወር በኋላ ከባድ ነገር መጣ። ሚዜዋ የነበረች ጓደኛዋ አባት አዲስ አበባ ላይ አረፉ። በባህላችን ሐዘን ዝም ብሎ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ይሄድና ያረዳል፤ ይህ መርዶ ይባላል። መርዶው ለማለዳ 11 ሰዓት ተቀጠረ። በዚያ ሰዓት ባለቤቴ ፈረቃ ላይ ናት፤ በማግሥቱም ትገባለች።

ሐዘን ደረጃ 5 ሊሆን አይችልም። ግን ሳትተኛ ሌሊት ገብታ የሰው ሕይወት መያዝም አይቻልም። አማቴን ጠየቅኳቸው። «የሐዘን ቤት ለአንድ ቀን አይደለም» አሉ። «ዛሬ አንተ ሂድ። እኔ ምግብ አዘጋጃለሁ። እሷ ተኝታ፣ ሥራዋን ጨርሳ፣ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን ስትቀር ትሂድ።» እንዲሁ አደረግን። በማለዳው እኔ ከሌሎቹ ጋር ሄድኩ። አማቴ ምስርና እንጀራ ላኩ። ባለቤቴ የሄደችው በአራተኛው ቀን ነው።

ጓደኛዋ ትቀየማለች ብለን ፈርተን ነበር። ኋላ የነገረችን ይህን ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ቤቱ በሰው ስለተሞላ ማን እንደመጣ እንኳ አታስታውስም። በአራተኛው ቀን ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ ግን ባለቤቴ መጥታ ሦስት ሰዓት አብራት ተቀመጠች። እዚያ የነበሩ አንዲት እናትም «ሌሊቱን ሰው ስታነሣ የምታድር ልጅ አልቀረችም፤ ሌላ ለቅሶ ቤት ነበረች» አሉ። ይህን ካሉ በኋላ በሰፈራችን ባለቤቴ ለምን እንደምትቀር የሚጠይቅ ቀነሰ።

የማይነገር ወሬ

ባለቤቴ የሥራዋን ነገር ለእኔም ቢሆን አትነግረኝም። በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ የበሽተኛን ምስጢር ይጠብቃል። የዳላስ ሐበሻ ደግሞ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። አንዳንዴ ሰው ይደውልና «እነ እከሌ ሆስፒታል ገቡ አሉ፤ አይተሻቸዋል?» ይላል። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ባይም አልናገርም፤ አንተም ብትታመም ለማንም አልናገርብህም።» የደወለው ሰው በሁለተኛው ሐረግ ደስ ብሎት ይዘጋል።

ታዲያ ዝም ብላ ስትገባ ምን ይደረጋል? ፊቷን አይቼ ከባድ ሌሊት እንደነበር አውቃለሁ። አንድ ጠዋት ቁርሷን ሳትነካ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። «ምን ሆነ?» ብላት ልትመልስልኝ አትችልም። ስለዚህ የምጠይቃት ልትመልሰው የምትችለውን ነው፤ «ሰውነትሽ እንዴት ነው? ውኃ ጠጥተሻል? ላውራሽ ወይስ ዝም ልበል?» ያን ጠዋት «ዝም በል» አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ሻዬን ጠጣሁ። ለሥራ ባልደረቦቿ ሊነገር የሚችለው ለእነሱ ይነገራል፤ ሆስፒታሉም ለአዳዲስ ነርሶች የመነጋገሪያ ሰዓት አዘጋጅቷል። የእኔ ድርሻ ሻዩ ነው።

«ልቤን» ሲሉ የት ነው?

አሁን ወደ አማርኛዋ ልመለስ። ሆስፒታል ውስጥ አማርኛ የሚችል ነርስ ሁሉ አስተርጓሚ አይደለም። ለዚያ የቋንቋ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል በሽተኛ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት፤ በአካል፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ። ትንሽ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ ሕይወት አደጋ ላይ ወድቆ ሌላ አስተርጓሚ ወዲያው ካልተገኘ በቀር በደንቡ አይፈቀድም። በዘጠኝ ዓመታችሁ የእናታችሁን ሕመም ስትተረጉሙ ያደጋችሁ ይህን እወቁ። ዛሬ ወላጆቻችሁን ስትወስዱ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ማለት መብታችሁ ነው።

ባለቤቴ ለፈተናው እየተዘጋጀች ነው፤ አስተማሪዋ እኔና አማቴ ነን። የሚያስቸግራት የሕመም ቋንቋ ነው። «ራሴን አመመኝ» ሲባል ራስ ማለት ጭንቅላት ነው። «ራሴን ያዞረኛል» ደግሞ መቆም አቃተኝ፣ ቤቱ ዞረብኝ ማለት ነው። «ጎኔን ይወጋኛል»፣ «ሆዴን ይቆርጠኛል»፣ «ደረቴን ያቃጥለኛል»፣ «ያቅለሸልሸኛል» እያንዳንዳቸው ለሐኪም የተለየ ነገር ይናገራሉ። ከሁሉም የሚያስቸግረው «ልቤን» ነው። ብዙ ትልልቅ ሰዎች «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲሉ እጃቸውን የሚያሳርፉት ከደረት በታች፣ ከጨጓራ ላይ ነው። ሌላው ግን በእውነት ልቡን ይሆናል። ስለዚህ አማቴ ያስተማሯት ዘዴ አጭር ነው፦ «በእጅዎ ያሳዩኝ» በያቸው።

አንድ ቃል ግን ፈተና አያስፈልገውም። በሽተኛው ሲፈራ እጁን ይዞ «አይዞዎት» ማለት ይቻላል።

ለነርስ ልጆች

ሦስቱ ወር ካለፈ በኋላ ባለቤቴ፣ በደንብ በተኛችበት ቀን፣ ድንገተኛ ክፍል እንደምትቆይ ወሰነች። ለሁልጊዜ ነው አላለችም። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እናየዋለን። ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አልልም፤ ልጃችን አሁንም እናቷ አዳር በምትሆንበት ማታ ቶሎ አትተኛም። በቀን መቁጠሪያው ላይ አዳር የሆኑትን ቀኖች በጨረቃ፣ ቤት የምትሆንባቸውን በፀሐይ ትስላለች። በዚህ ወር ፀሐዮቹ ይበዛሉ።

በቤታችሁ ሌሊት የሚሠራ ሰው ካለ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት በጽሑፍ «ነቅተሻል?» በሉ። ምግብ ስታመጡ በር ላይ አስቀምጡና ሂዱ። ለሚጠይቃችሁ ዘመድ ደግሞ «ሥራ ላይ ናት» በሉ፤ የሌሊት ነርስ በቀን ስትተኛ ለሚቀጥለው ሌሊት እየተዘጋጀች ነውና አልዋሻችሁም። እናታችሁ ለዓመታት እንዲህ ሠርታ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ በአማርኛ ጠይቋት፦ «ያኔ ስንት ሰዓት ትተኚ ነበር?» መልሱን አዳምጡ።

የዚህ ሳምንት ቃላት

ፈረቃ — ሠራተኞች እየተቀያየሩ የሚሠሩበት ሰዓት።
አዳር — ሌሊቱን ማሳለፍ፤ «ዛሬ አዳር ነኝ» ማለት ዛሬ ሌሊቱን እሠራለሁ ማለት ነው።
ተረኛ — በዚያ ሰዓት ኃላፊነቱ የደረሰው ሰው።
ማስታመም — የታመመን ሰው አጠገቡ ሆኖ መርዳት።
መርዶ — የሞት ወሬ ለቅርብ ሰው የሚነገርበት ሥርዓት።